መቼ ልዘዝ? ስንት ልዘዝ? ለሱቅና ለሚኒ ማርኬት የስቶክ አያያዝ መመሪያ

በመጋዘንና በግዢ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ሱቅ የከፈተ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ፈላጊ ያለው እቃ ያልቅብኛል፣ ፈላጊ የሌለው ደግሞ ተቆልሎ ብሬን ይዞብኛል። መቼ ልዘዝ? ስንት ልዘዝ?» በስልክ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሎጀስቲክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወደብና ኮንቴይነር ነው። የእናንተ ሱቅም የዚያው ሰንሰለት መጨረሻ ነው። ሦስት ነገር ካወቃችሁ የማዘዙ ጥያቄ ይመለሳል። በቀን ስንት ትሸጣላችሁ? ያዘዛችሁት በስንት ቀን ይደርሳል? አሁን ስንት አላችሁ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ለማግኘትና ለመጠበቅ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ለእያንዳንዱ እቃ አንድ ካርድ። ቢን ካርድ የሚባለው ነው፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። ካጣችሁ ወፍራም ደብተር አስምሩ።
- እስክሪብቶ፣ ወፍራም ማርከርና ካልኩሌተር
- ሚዛን፣ በኪሎ የምትገዙትና የምትሸጡት እቃ ካለ
- የእንጨት ፓሌት ወይም ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ
- የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀን ጎን ለጎን ያለበት የግድግዳ ካላንደር
- ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ወራት የግዢ ደረሰኞች

ኮምፒውተርና ኤክሴል ካላችሁ ጥሩ። ግን በወረቀት ያልተያዘ ልማድ በኮምፒውተር አይያዝም። መጀመሪያ በወረቀት ጀምሩ።

1. የእቃ ዝርዝር አውጡና መለኪያውን ወስኑ

እያንዳንዱን እቃ በስም፣ በመጠንና በመለኪያ ጻፉ። «ዘይት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ባለ 1 ሊትር፣ ባለ 3 ሊትርና ባለ 5 ሊትር ሦስት የተለያዩ እቃዎች ናቸው። ፓስታ በፓኬት ከሆነ የምትቆጥሩት፣ ከዝርዝሩ እስከ ካርዱ ድረስ በፓኬት ይሁን።

ይህን የምለው አብዛኛው የቁጥር መፋለስ እዚህ ስለሚጀምር ነው። አንዱ በካርቶን ያስገባል፣ ሌላው በፍሬ ያወጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ማንም የማይፈታው ሂሳብ ይሆናል።

2. ሁሉንም አንዴ ቁጠሩ

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቁጠሩ። እየተሸጠ የተቆጠረ ቆጠራ አይታመንም። ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። የተከፈተ ካርቶን ካለ ውስጡን አይታችሁ ቁጠሩ። መጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትንና የተበላሸውን ለብቻው አስቀምጡ፣ ከጤነኛው ጋር አትደምሩት።

3. ካርድ ክፈቱ

በካርዱ ላይ ስድስት ዓምድ ይኑር፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ምርመራ (ማስታወሻ መጻፊያው)። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆጥራችሁ ያገኛችሁት ይጻፋል። ካርዱን እቃው ያለበት ቦታ ላይ ስቀሉት። መሳቢያ ውስጥ ከገባ ማንም አይሞላውም።

«አንድ ሳሙና በሸጥኩ ቁጥር ልጻፍ ወይ?» ትሉኛላችሁ። የለም። ካርዱ የስቶሩ ነው። ከስቶር ወደ መደርደሪያ አንድ ካርቶን ስታወጡ «ወጪ» ብላችሁ ጻፉ። መደርደሪያ ላይ ያለው ማታ በዓይን ይታያል። ጓዳ የሌላችሁ ትንሽ ሱቅ ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ማታ ፈጣን እቃዎቹን ብቻ ቆጥራችሁ በቀን አንድ መስመር ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ነገ እሞላዋለሁ» የተባለ ካርድ አይሞላም። እቃው ከእጃችሁ ሳይወጣ ጻፉ።

4. የቀን ሽያጫችሁን አስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 500 ግራም ፓስታ፣ በካርቶን 20 ፓኬት። በ30 ቀን 480 ፓኬት ሸጣችኋል። ለ30 ስታካፍሉት በቀን 16 ይመጣል። ግን ካርዱን ስታዩ፣ ከ30ው ቀን 6ቱን ቀን ፓስታ አልነበራችሁም። በእነዚያ ቀናት ያልተሸጠው ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም፣ እቃው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ 480ን ለ24 አካፍሉ። በቀን 20 ፓኬት ነው።

በ16 ካዘዛችሁ በሚቀጥለው ወርም ያልቅባችኋል። ሲያልቅ ደግሞ አማካዩ የባሰ ዝቅ ይላል፤ ያንን ይዛችሁ ከበፊቱም ያነሰ ታዛላችሁ። «ሰፈሩ ገበያ የለውም» የሚሉ ሱቆችን ካርድ አገላብጬ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

ከአማካዩ ጎን የበዛውን ቀን ሽያጭም ጻፉ። በምሳሌያችን ከፍተኛው ቀን 28 ፓኬት ነው እንበል። ሠርግ ወይም ድግስ ያለበት ሰው አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ካርቶን ጠቅልሎ ወስዶ ከሆነ ግን ያ ቀን አይቆጠር። ሁልጊዜ የሚመጣ ገዢ አይደለም።

5. እቃው የሚደርስበትን ጊዜ ለኩ

አከፋፋዩ «ነገ ይደርሳል» ይላችኋል። እናንተ የምትለኩት ግን እቃ እንደሚያስፈልግ ካያችሁበት ሰዓት ጀምሮ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ያለውን ነው። በመሐል ብር ማሰባሰብ አለ፣ መርካቶ መሄድ አለ፣ መኪና መፈለግ፣ ማስጫን፣ ማውረድ፣ መቁጠር አለ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች አዲስ አበባ ውስጥ በቀን የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ስለተገደበ፣ በትልቅ መኪና የሚመጣላችሁ እቃ ማታ ካለፈው ሌላ ቀን ይጨምራል።

ያለፉትን አምስት ግዢዎች አስታውሱና ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የተለመደውና የከፋው። ለፓስታችን የተለመደው 3 ቀን፣ የከፋው 5 ቀን ይሁን።

አከፋፋዩን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ። «እቃው እዚሁ የሚመረት ነው ወይስ ከውጭ የሚገባ?» ከውጭ የሚገባው በአብዛኛው ከጂቡቲ ወደብ ተነስቶ፣ ብዙ ጊዜም በሞጆ ደረቅ ወደብና በጉምሩክ አልፎ ነው አከፋፋዩ ጋ የሚደርሰው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከተያዘ አከፋፋዩም ባዶ ነው። ለእንዲህ ያለ እቃ የከፋውን ቀን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሁለተኛ አከፋፋይም ፈልጉ። እዚሁ ለሚመረተው ሳሙና ይህን ያህል መጠባበቂያ አያስፈልግም።

6. የማዘዣ ነጥቡን አውጡ

የማዘዣ ነጥብ ማለት ቀሪው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ሳትውሉ ሳታድሩ የምታዙበት ነው። ስሌቱ ይህ ነው።

- በተለመደው ጊዜ የሚያስፈልገው፦ 20 ፓኬት × 3 ቀን = 60
- በከፋው ጊዜ የሚያስፈልገው፦ 28 ፓኬት × 5 ቀን = 140
- መጠባበቂያ፦ 140 − 60 = 80
- የማዘዣ ነጥብ፦ 60 + 80 = 140 ፓኬት፣ ማለትም 7 ካርቶን

ቁጥሩን በማርከር ካርዱ አናት ላይ ጻፉት። «7 ካርቶን ሲቀር እዘዝ።» ልጁ ብቻውን ሱቅ ቢውል እንኳ አይቶ ይደውልላችኋል። መደርደሪያው ላይ 7ኛው ካርቶን ጋ ቀይ ወረቀት የሚያጣብቁም አሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው።

መጠባበቂያውን «የሞተ ብር» ብለው የሚያነሱት አሉ። አታንሱት። ደንበኛ ፓስታ ሲያጣ ፓስታ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ስጎውንም፣ ዘይቱንም ሌላ ሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ይህ ስሌት ግን ለሁሉም እቃ አይደለም። በየቀኑ ለሚፈለጉት ነው። በወር አንዴ ለሚሸጥ የጫማ ቀለም ሁለት ፍሬ ይበቃል። ለትኩስ ወተትና ለዳቦ ደግሞ መጠባበቂያ አይያዝም፣ በየቀኑ ነው የሚታዘዙት።

7. ስንት እንደምታዙ ወስኑ

በየስንት ቀኑ ማዘዝ ይመቻችኋል? በየ10 ቀኑ ካላችሁ፣ 20 × 10 = 200 ፓኬት፣ 10 ካርቶን። አሁን ሦስት ነገር አረጋግጡ።

ቦታው ይበቃል? የታዘዘው ሲደርስ በተለመደው ጊዜ 80 ፓኬት ይቀራችኋል፣ 200 ሲጨመር 280 ነው። ለ14 ካርቶን ቦታ ያስፈልጋል። ብሩስ አለ? ለፓስታ ያወጣችሁት ብር የነገውን የወተት ሂሳብ እንዳይነካ። ሦስተኛው፣ መጠቀሚያ ጊዜው ሳያልፍ ይሸጣል?

«ብዙ ከወሰድክ እቀንስልሃለሁ» ሲባሉ የሚሸነፉ ብዙ ናቸው። ቅናሹን ከመቀበላችሁ በፊት ስንት ቀን እንደሚቆይ በቀን ሽያጩ አካፍላችሁ እዩ። የሦስት ወር እቃ ከሆነ ይቅርባችሁ።

8. እቃው ሲገባ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ

ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ጫኝና አውራጁም ይቸኩላል። እናንተ አትቸኩሉ። ከፈረማችሁ በኋላ የጎደለው የእናንተ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19ን፣ የንብረት ገቢ ማድረጊያ ሰነዱን፣ ታውቁታላችሁ። በሱቅም ቢሆን ሐሳቡ ያው ነው፤ የገባው ተቆጥሮ በሰነድ ይያዛል።

- ካርቶኑን ቁጠሩ። ከዚያ ከመሐል አንዱን ክፈቱና ፍሬውን ቁጠሩ። ከላይ ያለውን አትምረጡ።
- በኪሎ የሚሸጠውን መዝኑ። ኩንታል ነው ስለተባለ 100 ኪሎ ነው ማለት አይደለም።
- የረጠበ፣ የተቀደደ፣ ሽታ የያዘ ካለ ለዩት።
- የጎደለና የተበላሸ ካለ በሁለቱም ቅጂ ላይ ጻፉና ሾፌሩን አስፈርሙት። በቃል የተነገረ ነገር በነጋታው ይረሳል።
- መጠቀሚያ ጊዜውን እዩ።

መጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከውጭ የሚመጣው እቃ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «06/2026» የሚል ካለ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። 2026 ሲያዩ ገና ስምንት ዓመት ያለ የሚመስላቸው ሠራተኞች ገጥመውኛል። «05/08/2026» ዓይነቱ ደግሞ ቀኑ ይቅደም ወሩ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ቀረብ ያለውን ቀን ያዙ፣ ያ አያሳስትም። እቃው እንደገባ በኢትዮጵያ ቀን ቀይራችሁ ካርቶኑ ላይ በማርከር በትልቁ ጻፉት።

9. ትክክለኛ ዋጋውን አስሉ

የገዛችሁበት ዋጋ አከፋፋዩ የነገራችሁ ብቻ አይደለም። ለስሌት ያህል አንድ ካርቶን ፓስታ 1,000 ብር እንበል። 10 ካርቶን 10,000 ብር። የመኪና 600፣ የጫኝና አውራጅ 200፣ ድምር 10,800 ብር። ከ200 ፓኬት ሁለቱ ተቀደው ቢገኙ የሚሸጠው 198 ነው። 10,800ን ለ198 ስታካፍሉ 54 ብር ከ55 ሳንቲም ይመጣል። «በ50 ገዝቼ በ55 ሸጥኩ፣ 5 ብር አተረፍኩ» ያለው ሰው ያተረፈው 45 ሳንቲም ነው። ኪራዩና መብራቱ ገና አልተነኩም።

10. አቀማመጡን አስተካክሉ

ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ። ቀድሞ የገባው አላልኩም፤ ዛሬ የገባው ካርቶን ከትናንቱ ያነሰ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። አዲሱን ከኋላ፣ ቅርብ ቀን ያለውን ከፊት አድርጉ። ሠራተኛ አዲሱን ከፊት መደርደር ይቀናዋል፣ ቀላል ስለሆነ። በዚህ ምክንያት ብቻ የሚጣል ብዙ ነው።

እቃን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ግድግዳም አታስደግፉ። ከመሬት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ሐምሌ የስኳር ከረጢቶችን ግድግዳ አስጠግቼ ደረደርኩ። ዝናቡ ውስጥ አልገባም፤ ግድግዳው ግን እርጥበቱን ጠጥቶ ነበር። በነሐሴ ስናነሳው ከግድግዳው በኩል ያለው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀን። ዱቄት ቢሆን ኖሮ ሻግቶ ይጣል ነበር። ከግድግዳ የተተወው ክፍተት አየር ያስገባል፣ አይጥ ገብታ እንደሆነም ያሳያል።

ኦሞ፣ ሳሙና፣ በረኪናና የተባይ ማጥፊያ ከምግብ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ። ሻይ ቅጠልና ዱቄት ሽታ ቶሎ ይይዛሉ። በረኪና ከፈሰሰ ደግሞ ጉዳዩ የሽታ ብቻ አይደለም፣ ሰው ይጎዳል። ቦታ ከጠበባችሁ ፈሳሽ ኬሚካል ሁልጊዜ ከታች፣ ከምግብ ራቅ ብሎ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ የወተት ትዕዛዛችሁን በቀን በሚሸጠው ልክ ወስኑ።

11. የጾሙንና የበዓሉን ካላንደር ተከተሉ

በደረጃ 4 ያወጣችሁት አማካይ ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። በሁዳዴ 55 ቀን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይቀዘቅዛሉ፤ ዘይት፣ ምስር፣ ሽሮና ኦቾሎኒ ይፈጥናሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታም እንደዚያው ነው። በሁዳዴ አማካይ ለፋሲካ ሳምንት ያዘዘ ሰው እንቁላል ያጥረዋል፣ ሽሮ ይተርፈዋል። ሙስሊም ደንበኛ የበዛበት ሰፈር ከሆነ ለረመዳን ቴምርና የሳምቡሳ ዱቄት ቀድማችሁ ያዙ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል ያምናውን ቀን አትከተሉ። ለመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ አለ።

ካላንደሩ ላይ ከእያንዳንዱ በዓል ሦስት ሳምንት በፊት ምልክት አድርጉ። በበዓል ሰሞን መኪናም ይወደዳል፣ አከፋፋዩም ጋ ሰልፍ ነው። ያምናውን የካርድ ቁጥር ካልጣላችሁት፣ ዘንድሮ ለስንት እንደምትዘጋጁ ይነግራችኋል።

12. በየሳምንቱ ጥቂት ቁጠሩ

ዓመት ጠብቆ ሁሉን መቁጠር አይጠቅምም፤ የጠፋው መቼ እንደጠፋ አይታወቅም። በየሳምንቱ ውድና ፈጣን ከሆኑት አሥር እቃ መርጣችሁ ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ከተገኘ ሠራተኛውን ከመጠርጠራችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦ ሳይጻፍ የወጣ፣ በካርቶንና በፍሬ የተምታታ፣ ለቤት የተወሰደ፣ ተበላሽቶ ሳይጻፍ የተጣለ። ብዙው ከአራቱ አንዱ ነው። ምክንያቱን ምርመራ ላይ ጽፋችሁ ቀሪውን አስተካክሉ። የድሮውን ቁጥር ግን አትደልዙ፣ በአዲስ መስመር ጻፉ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ያዘዙትን ረስቶ እንደገና ማዘዝ። በመንገድ ላይ ያለ እቃ የእናንተ ነው። ስታዙ ምርመራ ላይ «10 ካርቶን ታዟል» ብላችሁ ጻፉ።
- ለቤት የሚወሰደውን አለመጻፍ። ይውሰዱ፣ ግን ይጻፍ።
- ዋጋ ሊጨምር ነው በሚል ወሬ ብሩን ሁሉ አንድ እቃ ላይ ማዋል። በሳምንቱ አምስት ሌላ እቃ ይጎድላል።
- 60 ቀን ያልተንቀሳቀሰ እቃን ዝም ብሎ ማየት። መጠቀሚያ ጊዜው ሁለት ወር ሲቀረው አከፋፋዩን ቅያሬ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ በቅናሽ ሽጡ። ካለፈ በኋላ መሸጥ የሰው ጤና ጉዳይ ነው፣ በምንም ምክንያት አይደረግም።
- የማዘዣ ነጥቡን አንዴ ጽፎ መርሳት። በየሦስት ወሩ እንደገና አስሉ።

ከየት ልጀምር?

በ300 እቃ አትጀምሩ፣ በሁለተኛው ቀን ትተዉታላችሁ። በብዛት የሚሸጡትን አሥር እቃዎች ምረጡ። እሁድ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ቁጠሯቸውና ካርድ ክፈቱላቸው። አንድ ወር እነሱን ብቻ ያዙ። በሁለተኛው ወር ሌላ ሃያ ጨምሩ።